የእንቁጣጣሽ ሥዕል በመርፌ

በልጅነታችን በእንቁጣጣሽ ማለዳ አበባና መልአክ በወረቀት ሥለን ለየጎረቤቱ ስናድል፥ ሥዕሉን ተቀብሎ ሳንቲም የማይሰጠን ቤት አልነበረም። ታላቅ ወንድሜ ይሥላል፥ እኔ ቀለም እቀባለሁ፤ ገንዘቡን ግን እኩል እንካፈል ነበር። ይኸን ያነሣሁበት ምክንያት፥ ከአባታችን ዕረፍት በኋላ በአንዲት ቁራሽ መሬት ተቀያይመን ሦስት ዓመት ሙሉ ሳንነጋገር ስለ ቆየን ነው። እርሱ መካነ ሰላም ይኖራል፤ እኔ ከላላ አስተምራለሁ።

የ2018 ዓ.ም. መባቻ ሲቃረብ የታተመ ካርድ ገዛሁለት፤ ዳሩ ግን ሳልልከው ቀረሁ። እንዲህ ያለውን የበዓል ካርድ በ1843 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ ያሳተመው ሄንሪ ኮል የተባለ ሰው ነው። ለየወዳጁ ደብዳቤ የሚጽፍበት ጊዜ አጥሮት እንደ ነበር ይነገራል። እኔ ጊዜ ነበረኝ፤ ያጣሁት ቃሉን ነው።

ስለዚህ በገበያው ዳር ልብስ ከሚሰፋው ሙስሊም ጎረቤቴ ዘንድ ሄጄ በእግር በሚረገጠው የስፌት መኪናው ጥልፍ እንዲያስተምረኝ ለመንሁት። እኔም ተቻኩዬ በወፍራም ወረቀት ላይ መስቀል ብሰፋ፥ መርፌው አጠጋግቶ ስለ ወጋው መስቀሉ እንደ ቴምብር ጠርዝ ተቀድዶ ወደቀ።

«መምህር፥ ወረቀት እንደ ጨርቅ አይደለም፤ አንዴ ከተበሳ ቀዳዳው ተመልሶ አይገጥምም» አለኝ።

ያን ጊዜ የብራና ጸሐፊዎች ትዝ አሉኝ። እነርሱ ከማስመራቸው አስቀድሞ የብራናውን ዳር በወስፌ ይወጋሉ፤ ነገር ግን በቀዳዳና በቀዳዳ መካከል በቂ ቦታ ይተዋሉ።

በቤታችሁ የስፌት መኪና ያላችሁ አንባብያን ሆይ፥ ሥራው እንዲህ ነው። ጥልፉን በወረቀቱ ላይ ሳይሆን በነጭ አቡጀዲ ላይ ሥሩት። እንዳይጨማደድ ከሥሩ ስስ ወረቀት አድርጋችሁ በክብ እንጨት ወጥሩት። ጨርቁን የሚስቡትን ጥርሶች ዝቅ አድርጉ፤ የሚጫነውንም እግር አውልቁ፥ ጣታችሁንም ከመርፌው አርቁ። ከዚያ ወዲያ መኪናው ይወጋል እንጂ አይመራም፤ መንገዱ በእጃችሁ ነው። እጅ ከእግር ቀድሞ ከፈጠነ ስፌቱ ይረዝማል፥ ከዘገየ ክሩ በአንድ ቦታ ይከመራል። እኔ ይኸን ሚዛን ለማግኘት አራት ማታ ፈጅቶብኛል። ወረቀት መርፌ ስለሚያደነዝዝ ለካርዱ ጠርዝ የሚሆነውን መርፌ ለብቻው አስቀምጡ።

በመካከሉ አደይ አበባ በቢጫ ክር፥ በዙሪያው በድጓው ዳር እንደምናየው ያለ ሐረግ ጠለፍሁ። ከዚያም የታጠፈውን ካርድ እንደ መስኮት ቀድጄ ጨርቁን ከውስጥ በሙጫ አጣበቅሁት፥ የጀርባው ቋጠሮ እንዳይታይም በሌላ ወረቀት ሸፈንሁት። ከውስጥ «እንኳን ከዘመነ ማቴዎስ ወደ ዘመነ ማርቆስ በሰላም አደረሰህ» ብዬ ጻፍሁ። ስለ መሬቱ አንዳች አልጨመርሁም።

ወደዚያው በሚሄድ ሰው እጅ ላክሁት። እንቁጣጣሽ አለፈ፥ መስቀልም አለፈ፤ መልስ አልነበረም። ባለቤቴ ስለ ካርዱ መጠየቅ ተወች። በጥቅምት አንድ ማታ ስልኬ ጮኸ። ወንድሜ ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድም፥

«ለመሆኑ የጀርባውን ቋጠሮ ለምን ሸፈንኸው?» አለኝ።

ወረቀቱን ልጦ አይቶት ኖሯል።