ከአይጥ የተዋስኩት ኪኒን

ጓዳችን አይጥ ከገባ ሦስተኛ ሳምንቱን ይዟል። ማታ ኮርኒሱ ላይ ስትሮጥ ባለተረከዝ ጫማ ያደረገች ነው የምትመስለው። መጀመሪያ የጤፉን ጆንያ ቀደደች፣ ቀጥላ የሽሮውን ላስቲክ፣ በመጨረሻ የልጄን የሒሳብ ደብተር ከማባዛት ጀምራ እስከ ማካፈል በላችው። ልጄ ቅር ያላት አትመስልም፤ ባለቤቴ ግን «ወይ እሷ ወይ እኔ» ማለት ስለጀመረች መድኃኒት ልገዛ ወጣሁ።

መድኃኒት ነው ያልኩት። ሰፈራችን የሚያልፈው ልጅ በድምፅ ማጉያው «የአይጥ መድኃኒት፣ የበረሮ መድኃኒት፣ የትኋን መድኃኒት!» እያለ ሲጮህ የሚስቅ ሰው አይቼ አላውቅም። አይጧ አሟት ልናስታምማት ያሰብን ነው የሚመስለው። ቃሉ የመጣው ከመዳን ነው፣ መድኃኔዓለም ራሱ ከዚያው ሥር ነው። ሰው በሰው እጅ ሲመረዝም ደግሞ «መድኃኒት አቅምሰውት ነው» እንላለን። የቋንቋችን ዝርክርክነት ይመስለኝ ነበር። የገዛሁትን ፓኬት ጀርባ እስካነብ ድረስ ማለቴ ነው።

ደቃቁ ጽሑፍ «ብሮማዲዮሎን» ይላል። ደም እንዳይረጋ ያደርጋል፤ ሰው በስህተት ቢበላው ማርከሻው ቫይታሚን ኬ ነው። መነጽሬን አውልቄ ጠረግሁና እንደገና አነበብኩ። ይህን ነገር አውቀዋለሁ። ከልጅነቴ ቶንሲል የተረፈኝ የልብ ሕመም አንዱን ቫልቭ አበላሽቶት፣ በብረት ከተተካልኝ ስድስት ዓመቴ ነው። ብረቱ ላይ ደም እንዳይረጋ በየማታው ሁለት ሰዓት ላይ ዋርፋሪን እውጣለሁ፤ ነርሷም በየቀጠሮው «ጎመን ልክ ይኑረው፣ ቫይታሚን ኬ አለው» ትለኛለች። ብሮማዲዮሎን የዋርፋሪን ታናሽ እህት ናት። እኔና አይጧ አንድ ቤት ብቻ ሳይሆን አንድ ማዘዣም ስንጋራ ኖሯል።

የዚህን ኪኒን የትውልድ ሐረግ የቆጠርኩት ያኔ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ የሚጀምረው ከአይጥም ከሰውም ሳይሆን ከከብት ነው። በ1920ዎቹ በካናዳና በሰሜናዊ ዩናይትድ ስቴትስ ሜዳዎች ከብቶች ያለ ምክንያት ይደሙ ጀመር። ቀንድ ሲቆረጥ ደሙ አይቆምም፣ ሲኮላሹ አይቆምም፣ አንዳንዶቹ ማንም ሳይነካቸው በውስጣቸው ፈስሶ ይሞታሉ። ፍራንክ ስኮፊልድ የሚባል የእንስሳት ሐኪም ጥፋቱን ከሻገተ ድርቆሽ ላይ አገኘው። ድርቆሹ የማገጥና የአብሽ ዘመድ የሆነ፣ ሽታው ደስ የሚል ተክል ነው። ሽታውን የሚሰጠው ኩማሪን የሚባል ነገር ሲሆን፣ ድርቆሹ ሲሻግት ሻጋታው ወደ ሌላ ነገር ይለውጠዋል። ምንነቱን ግን ማንም ገና አላወቀውም።

በየካቲት 1933 አንድ ቅዳሜ፣ ኤድ ካርልሰን የሚባል የዊስኮንሲን ገበሬ በበረዶ ውሽንፍር ውስጥ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነድቶ ማዲሰን ከተማ ገባ። ጭነቱ የሞተች ጊደር፣ 45 ኪሎ ግራም የሚሆን ድርቆሽና አንድ የወተት ጋን ነበር። ጋኑ ውስጥ ያለው ወተት ሳይሆን ያልረጋ ደም ነው። የግዛቱ የእንስሳት ሐኪም ቢሮ ተዘግቷል፤ ሰውዬው ክፍት ያገኘው የዩኒቨርሲቲውን የባዮኬሚስትሪ ሕንፃ በር ነበር፤ ዘው ብሎ ገባ። ውስጥ ባዮኬሚስቱ ካርል ፖል ሊንክ አለ። ሊንክ ያን ቀን ሊሰጠው የቻለው ምክር ድርቆሹን እንዲተውና ለታመሙት ደም እንዲሰጣቸው ብቻ ነው። በክረምት ሌላ መኖ ለሌለው ሰው ይህ ምክር አይባልም። ካርልሰን ያን ሁሉ መንገድ ባዶ እጁን ሲመለስ ሳስበው አንጀቴን ይበላኛል። ደሙ ግን ላቦራቶሪው ውስጥ ቀረ። ስድስት ዓመት ተለፍቶበት፣ በሰኔ 1939 ሃሮልድ ካምቤል የሚባለው የሊንክ ረዳት ገዳዩን ነገር ነጭ ፍሬ አድርጎ አወጣው።

አይጧ ከነገሩ ውስጥ የገባችው በሳንባ ነቀርሳ በኩል ነው። በ1945 ሊንክ ታሞ ተኝቶ ሳለ ጊዜ ማሳለፊያው ስለ አይጥ ማጥፊያ ታሪክ ማንበብ ሆነ። (እኔ ሆስፒታል ተኝቼ ያነበብኩት የጎረቤቴን የኤክስሬይ ውጤት ነበር።) ከአልጋው ሲነሳ፣ ተማሪዎቹ ከሠሯቸው ተመሳሳይ ውሁዶች መካከል 42 ቁጥር የያዘውን ለአይጥ መረጠው። ምርምሩን በገንዘብ የረዳው የዊስኮንሲን የቀድሞ ተማሪዎች የምርምር ፋውንዴሽን የእንግሊዝኛ ስሙ በየመጀመሪያ ፊደሉ ሲነበብ «ዋርፍ» ይላል፤ ከኩማሪን ጭራ ተቀጥሎበት ዋርፋሪን ተባለ። በ1948 ገበያ ወጣ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይባላል፤ እዚህ ግን ጊደር በበላች አይጥ ተመታች።

ብልሃቱ መዘግየቱ ነው። አይጥ ተጠራጣሪ ናት፤ አዲስ ምግብ ስታይ በጥቂቱ ቀምሳ ትጠብቃለች። አርሴኒክና እሱን የመሰሉት የድሮ መርዞች ወዲያው ስለሚያሳምሟት፣ ከሞት የተረፈችው ዳግመኛ ዞር ብላ አታየውም። ዋርፋሪን ግን ለቀናት ዝም ይላል። ዛሬ በላች፣ ነገ በላች፣ ደህና ናት፣ ዘመድ ጠራች። በአምስተኛው በስድስተኛው ቀን ስትሞት ጥፋተኛው ማን እንደሆነ የሚያውቅ የለም። አይጥ ለሞቷ የድመት አፍንጫ ታሸታለች የሚለው አባባል ለዚህ አይሠራም፣ ምክንያቱም የሚሸተት አፍንጫ የለም።

ይህን ለባለቤቴ አስረድቼ በትዕግሥት ጠበቅን። መድኃኒቱ በየሌሊቱ ያልቃል። ስድስተኛው ቀን አለፈ፣ አሥራ ሁለተኛው አለፈ። ኮርኒሱ ላይ ያለችው ባለተረከዝ እንደሆነ ያው ናት።

ጎረቤታችን እትዬ አስካለ ነገሩን ሰምተው ሳቁብኝ። «ልጄ፣ ለምደውታል እኮ! የዛሬ አይጥ መድኃኒቱን እንደ ጎመን ነው የሚበላው።»

እትዬ አስካለ ሳያውቁት ሳይንሱን ጨርሰውታል፣ «ለምደውታል» ከምትለዋ በቀር። አይጥ መድኃኒት አትለምድም። የምትሞተዋ ትሞታለች። ዋርፋሪን ገበያ በወጣ በአሥረኛው ዓመት፣ በ1958፣ በግላስጎውና በኤድንብራ መካከል ባለ የስኮትላንድ እርሻ አይጦቹ እየበሉ አልሞት አሉ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ በዌልስ ድንበር፣ በ1962 በዴንማርክ፣ በ1971 አሜሪካ ኖርዝ ካሮላይና ውስጥ ተመሳሳይ ነገር ታየ። እነዚያ አይጦች ተምረው አይደለም። ከብዙ ሺህ መካከል ጥቂቶቹ ቀድሞውኑ ሲወለዱ ለየት ብለው ተወልደዋል፤ መድኃኒቱ የሠራው ጎረቤቶቻቸውን ጠርጎ ቤቱን ለእነሱ መልቀቅ ነው። በሰው ገንዘብ ተገዝቶ፣ በሰው እጅ ተቀምጦ።

ልዩነቱ ምን ላይ ነው ቢባል፣ የቆራሌው ነገር ነው። ሰውነት ደም የሚያረጉትን ነገሮች ሲሠራ ቫይታሚን ኬን ይጠቀማል፤ አንዴ ከተጠቀመበት በኋላ እንደ ባዶ ጠርሙስ ይሆንበታል። ያንን ባዶ ጠርሙስ ሰብስቦ እንደገና ለሥራ የሚያበቃ አንድ ኢንዛይም አለ፤ ቆራሌው እሱ ነው። ዋርፋሪን ቆራሌውን በር ላይ ይይዘዋል። ጠርሙሱ ይከመራል፣ አዲስ አይሠራም፣ ደም አይረጋም። የዚህ ቆራሌ ዘረመል ማንነት የታወቀው በ2004 ነው። ፕሮቲኑ 163 ቅንጣቶች የተሰካኩበት አጭር ሰንሰለት ሲሆን፣ ከሚታወቁት እምቢተኛ አይጦች በአንዳንዶቹ 139ኛዋ ቅንጣት፣ ታይሮሲን የምትባለው፣ በሌላ ተተክታለች። አንዲት ፍሬ ብቻ። ዋርፋሪን በር ላይ ቆሞ ሲጠብቅ ቆራሌው ኮቱን ለውጦ አጠገቡ ያልፋል። ዋጋ ግን ያስከፍላል፦ እነዚያ የዌልስ አይጦች ከሌላው አይጥ እጅግ የበለጠ ቫይታሚን ኬ መብላት ነበረባቸው። እትዬ አስካለ ጎመን ያሉት ለዚህ ነው ብዬ ልነግራቸው ፈልጌ ነበር፣ ማብሰያ ጠርቷቸው ሄዱ።

ሰዎችም ዝም አላሉም። በ1970ዎቹ ብሮማዲዮሎንን፣ ዲፌናኩምን፣ ብሮዲፋኩምን የመሳሰሉ ጠንካሮቹን አመጡ። ዛሬ በአውሮፓ ብሮማዲዮሎንን የሚቋቋሙ አይጦች አሉ። የጀርመንና የስፔን ትንንሽ አይጦችማ ሥራውን አሳጥረውታል፦ አልጄሪያዊ ከሚባለው ዝርያ ጋር ተጋብተው እምቢተኛውን ዘረመል በጥሎሽ መልክ ወሰዱ፤ ይህ የታወቀው በ2011 ነው። ጠንካሮቹ መድኃኒቶች አይጧ ጉበት ውስጥ ስለሚቆዩ የበላቻት ጉጉትም ትቀምሳቸዋለች። እኛ ጉጉትን የሞት ነጋሪ እንላታለን፤ እዚያ እሷው ናት የምትረዳው።

የአይጡ መድኃኒት ወደ ሰው የመጣው ደግሞ ብዙ ሳይቆይ ነው። በ1951 አንድ የአሜሪካ ምልምል ወታደር ራሱን ሊያጠፋበት ሞክሮ፣ በቫይታሚን ኬ ታክሞ ሙሉ በሙሉ ዳነ። ሐኪሞች ከዚያ አንድ ነገር ተማሩ፦ ነገሩ ማርከሻ አለው፣ ልኩ ከታወቀ ሰው ይችለዋል። በ1954 ለሰው ተፈቀደ። በ1955 ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ልባቸውን ሲያማቸው እሳቸውም ወሰዱት። ከዚያ በኋላ ማን «የአይጥ ነው» ብሎ ይንቀዋል?

እኔ ንቄው አላውቅም፣ እሱ ነው እኔን የናቀኝ። በ5 ሚሊግራም ጀመርኩ። የደም ምርመራው ምንም ንቅንቅ አላለም። 7.5 ሆነ፣ 10 ሆነ። በየወሩ ካርዴን ይዤ ስገባ ዶክተሩ ውጤቱን ያይና ቀስ ብሎ እኔን ያየኛል።

«ጋሼ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። ይውጡታል ወይስ ይጥሉታል?»

«እውጠዋለሁ፣ ዶክተር።»

«ጎመን?»

«ጾም ነው፤ ግን ልክ አለው።»

አላመነኝም። ባለቤቴን አስጠርቶ ጠየቃት። በሃምሳ ሁለት ዓመቴ ኪኒን ሲውጥ ምስክር የሚቆምለት ሕፃን ሆንኩ። የአይጥ ምስክሯ ድንቢጥ ናት ይባላል፤ የእኔ ሚስቴ ናት። በመጨረሻ 12.5 ላይ ልኩ ተገኘ።

ያን የሐፍረት ወራት የካሰልኝ ከብዙ በኋላ ያነበብኩት ነገር ነው። በ2007 እስራኤል ውስጥ፣ ብዙ ዋርፋሪን የሚፈልጉ በሽተኞችን ደም የመረመሩ ሰዎች ያው የቆራሌው ፕሮቲን 36ኛ ቅንጣት ላይ ለውጥ አገኙ። በዓመቱ፣ በስዊድን ካሮሊንስካ የምትሠራው እሌኒ አክሊሉ ከእነዚያው ተመራማሪዎች ጋር ሆና ለውጡ በኢትዮጵያውያን ዘንድ የተለመደ መሆኑን «ብለድ» በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ አወጣች። የመጽሔቱ ስም ትርጉሙ «ደም» ነው፤ ሌላ ስም አይመጥነውም ነበር። እኔ የዘረመል ምርመራ አላደረግሁም። ነገር ግን ደም አልቀጥንም ሲል በሽተኛው ኪኒኑን እየጣለ ነው ከማለት በፊት አያቱን መጠርጠር እንደሚቻል ለዶክተሩ በጨዋ ደንብ ነግሬዋለሁ። አይጧ ስትቋቋመው «ተንኮለኛ» እንላታለን። እኔ ስቋቋመው «መድኃኒቱን የማይወስድ» ተባልኩ። ሁለታችንም ስማችን ሲጠፋ አንድ ዓይነት ነው።

ትናንት እትዬ አስካለ ድመታቸውን በቅርጫት ይዘውልኝ መጡ። «ይልቅ ይቺን እሰራት፣ መድኃኒትህን ተወው» አሉኝ። ስለ ጉጉቶቹ ትዝ ሲለኝ ድመቷን ከማስገባቴ በፊት ከየጥጉ የተረፈውን መድኃኒት በጓንት ለቅሜ፣ ከፓኬቱ ጋር የመድኃኒት ሳጥናችን ላይ አስቀመጥኩት። ባለቤቴ ጮኸች። ሳጥኑ ውስጥ የኔ ዋርፋሪን አለ፣ መብራት ደግሞ በየማታው ይጠፋል። የአይጡ ወደ ውጭ መጋዘን ይሂድ ተባለ፤ ለማንኛውም ብላ ልጄ ወፍራም እስክሪብቶ አምጥታ በሁለቱም ላይ ጻፈች። በአንዱ «የአይጥ መድኃኒት»፣ በሌላው «የአባዬ መድኃኒት»። ሁለት ሰዓት ሲሆን መብራቱ ጠፋ። በሻማ ካነበብኩ በኋላ ዋጥኩ፤ ኮርኒሱ ላይ ባለተረከዟ አለፈች፣ ከኋላዋ ደግሞ ያለ ጫማ የሚሄድ ነገር።