ዋርካው ይቆረጥ ወይስ ይቆይ?

በግቢያችሁ ያረጀ ትልቅ ዛፍ አለ? እንግዲያው ይቺ ጽሑፍ ለእናንተ ናት። ስለ አሮጌ ዛፍ ሲነሳ ሰው በሁለት ይከፈላል፤ አንዱ «ከሥሩ ይገንደስ!» ሲል ሌላው «ማንም እንዳይነካው!» ይላል። ሦስተኛ መንገድ መኖሩ ትዝ የሚለው ጥቂቱ ነው።

እኔ የምኖረው ባህር ዳር፣ አምስት ተከራይ ባለበት ግቢ ነው። መሀል ላይ የቆመው ዋርካ ከቤቶቹ ሁሉ በዕድሜ ይበልጣል። በ2016 ዓ.ም. ክረምት አንድ ሌሊት፣ ዝናብና ንፋስ ተቀላቅሎ ሲወርድ፣ የሰው ወገብ የሚያህል ቅርንጫፍ ተገንጥሎ የማድ ቤቱን ቆርቆሮ ደረመሰው። ቀን ቢሆን ኖሮ እዚያ ሰው አይጠፋም ነበር። እግዜር አወጣን!

በነጋታው ጭቅጭቅ ሆነ። የሦስት ወር ሕፃን የታቀፈችው ጎረቤታችን፣ ክፍሏ ከትልቁ ቅርንጫፍ ሥር ነውና፣ «ወይ ዛፉ ይቆረጥ፣ ወይ እኔ ልውጣ» አለች። እውነቷን ነው። የግቢው ባለቤት እማማ ደግሞ «መጀመሪያ እኔን ቅበሩኝ» አሉ። ልጆቻቸውን የዳሩት፣ ለባለቤታቸው ለቅሶ የተቀመጡት በዚሁ ጥላ ሥር ነው። እሳቸውስ ምን ይበሉ?

ዛፍ ቆራጭ ተጠራ። «ግንዱን ከሰጣችሁኝ ገንዘብ አልፈልግም» አለ። ያዘነው ለእኛ ይሁን ለማገዶው፣ እናንተው ፍረዱ! ሌላው መጣና «አናቱን በአንድ ልክ ጎምደን እንተወው» አለ። በመጨረሻ ደን ያጠና የሰፈር ልጅ መጥቶ ግንዱን በመዶሻ እያንኳኳ ዞረው። በአንድ በኩል እንደ ከበሮ ጮኸ። ውስጡ ተቦርቡሯል።

«አለቀለት ማለት ነው?» አልነው።

«የለም» አለ። ዛፍ ሕይወቱ ያለው ከቅርፊቱ ሥር ባለው ስስ ክፍል ነው። መሀሉ ቢቦረቦርም ዙሪያው ወፍራምና ጤነኛ ከሆነ እንደ ቧንቧ ይቆማል። የሚጎዳው ጭነቱ ነው። ክንዳችሁን ዘርግታችሁ ባልዲ ውሃ ያዙ እስቲ! ረጅም ቅርንጫፍም እንደዚያው ነው፤ ዝናብ የጠጣ ቅጠልና ንፋስ ሲጨመርበት ከብብቱ ይገነጠላል። ስለዚህ ዛፉን መግደል ሳይሆን ክንዱን ማሳጠር ነው።

ወጪውን እማማና ተከራዮቹ ተካፍለን በ2017 ሚያዝያ፣ ክረምት ሳይገባ አስመለመልነው። ያየሁትን ላካፍላችሁ።

አንደኛ፣ ቅርንጫፍ ባዶ ጉማጅ ሆኖ አይቀርም። የሚቆረጠው ጎን ቅርንጫፍ እስካለበት ድረስ ነው፤ ያም የተቆረጠውን ውፍረት ሲሶ ያህል ይሁን። አናቱ በጅምላ ከተጎመደ ቁስሉ ይበሰብሳል፤ የሚያቆጠቁጠውም ቀንበጥ ሥር የሌለው ደካማ ነው።

ሁለተኛ፣ ቅጠል የዛፍ ምግብ ማብሰያ ነው። በአንድ ጊዜ ከሩብ በላይ አይነሳም፤ ላረጀ ዛፍ ከዚያም ያንሳል። የቀረው በሌላ ዓመት ይደርሳል።

ሦስተኛ፣ ከባድ ቅርንጫፍ መጀመሪያ ከታች ይጫራል፣ ቀጥሎ ትንሽ ወጣ ብሎ ከላይ ይቆረጣል። አለዚያ ሲወድቅ የግንዱን ቅርፊት ገሽልጦ ይሄዳል። የመጨረሻው ቁርጥ ከመጋጠሚያው እብጠት ወጣ ብሎ ነው። ቀለም አትቀቡት፤ ዛፍ ቁስሉን ራሱ ይዘጋል።

የዋርካ ወተት ዓይንና ቆዳ ያቃጥላልና ጥንቃቄ ይደረግ። የመብራት ሽቦ በአጠገቡ ካለፈ መስመሩ ሳይቋረጥ ማንም አይውጣ። ከሁሉ በፊትም ቀበሌ ጠይቁ።

የ2017 ክረምት አንድም ቅርንጫፍ ሳይወድቅ አለፈ። ጎረቤታችን ግን አልጋዋን ወደ ሌላው ግድግዳ አዙራለች፤ አልፈርድባትም። መመልመል አደጋን ይቀንሳል እንጂ አያጠፋም። በየክረምቱ ማግስት ዙሩት፤ ድሮ ያልነበረ ማዘንበል፣ ከሥሩ አካባቢ የተሰነጠቀ መሬት ወይም ግንዱ እግር ላይ የበቀለ እንጉዳይ ካያችሁ ባለሙያ ጥሩ። «አይቆምም» ካለ ይገንደስ፤ ከሰው ነፍስ የሚበልጥ ጥላ የለም። ግን መጥረቢያ ከማንሳታችሁ በፊት ጭነቱን አቅልሉለትና እዩት።