ግራና ላይ የተሠራው የመሐል ስፒከር

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደብረ ብርሃን፣ በኮምቦልቻና በደሴ አድርጎ ወደ ወልዲያ የሚጓዝ ሰው ውጫሌንና ውርጌሳን አልፎ መርሳ ሲደርስ መኪናው ቆም ይልለታል። እንደ ወቅቱ ማንጎ ወይም ብርቱካን በመስኮት ይገዛል፤ ሀብሩን አየሁ ብሎም ይሄዳል። ግራና ግን ከአስፋልቱ ወጣ ያለች ስለሆነች ዘመድ ወይም ሥራ የሌለው እምብዛም አይረግጣትም። የግብርና ሰዎች ስሟን በቆቦ ግራና ሸለቆ ልማትና ከስሪንቃ ምርምር ማዕከል በወጣው «ግራና አንድ» ማሽላ ያውቁታል። እኔ የማውቃት በታላቅ ወንድሜ ቤት ነው።

ባለፈው ዓመት ሄጄ ሁለት ሳምንት ከረምኩ። ሳሎኑ ኮላ ኮላ ይሸታል። የወንድሜ ልጅ ሬዲዮና ሞባይል ጠጋኝ ነው፤ ጥግ ላይ ሦስት ያላለቁ የእንጨት ሳጥኖች አስቀምጧል፤ ሁለቱ ቁመታቸው ረዘም ያለ፣ አንዱ በጎኑ የተጋደመ። «ምንድን ናቸው?» ስለው «ሲኒማ ቤት ልከፍትልዎ ነው አክስቴ» አለኝ። ረጃጅሞቹ በቴሌቪዥኑ ግራና ቀኝ ይቆማሉ (ግራና ተቀምጦ ግራና ቀኝ ማለት ምላስ ያደናቅፋል)፤ የተጋደመው መሐል ይገባል። የፊታቸው ሳንቃ ዋንዛ ነው። ጦርነቱ በ2013 መጨረሻና በ2014 መጀመሪያ ወረዳውን ባዳረሰ ጊዜ የእናቱ ቁም ሳጥን ተሰባብሮ ነበር፤ እንጨቱን አልጣሉትም። የቀረው ችፑድ ነው።

የዚያ ቤት ሳሎን እንደ አብዛኞቻችን ቤት ነው፤ መቀመጫው በግድግዳው ዙሪያ ተደርድሯል። ከቴሌቪዥኑ ፊት ለፊት የሚቀመጠው አንድ ወይም ሁለት ሰው ነው፤ ሌላው ከጎን ነው። ሁለት ስፒከር ብቻ ሲኖር በግራ በኩል የተቀመጠ ሰው ንግግሩን ሁሉ ከግራ ይሰማዋል፤ ተዋናዩ ግን መሐል ቆሞ ነው የሚያወራው። ነገሩ የቆየ ነው። የአሜሪካው ቤል ላብራቶሪ እ.ኤ.አ. በ1933 የኦርኬስትራ ሙዚቃ ከፊላዴልፊያ ወደ ዋሽንግተን በስልክ መስመር ሲያስተላልፍ ሦስት ድምፅ ማጉያ ነበር የደረደረው፤ ግራ፣ መሐልና ቀኝ። ዛሬም የፊልም ንግግር በአብዛኛው የሚወጣው ከመሐለኛው ነው።

ይህን ሁሉ የምጽፈው ስለ ወንድምጋሼ ብዬ ነው። ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ ወደ አማርኛ የተመለሱ ተከታታይ ድራማዎች በዚያም ቤት ገብተዋል። ድራማው ሲጀምር ቤተሰቡ ይሰበሰባል፤ ወንድምጋሼ ግን «ከብቶቹን ልይ» ብለው ይወጣሉ። ቤተሰቡ በእርጅና ተነጫናጭ ሆኑ ይላል። አንድ ቀን ከጀርባቸው ቆሜ በሹክሹክታ ሦስት ቁጥሮች ጠራሁላቸው፤ አንዱን ብቻ መለሱ። «ድምፁ ይመጣል፤ ቃሉ ነው የሚጠፋኝ» አሉኝ። በሥራ ዘመኔ ይህችን አባባል ከስንት ሽማግሌ ሰምቻለሁ!

በዕድሜ የሚደክም ጆሮ አስቀድሞ የሚያጣው ቀጭኑን ድምፅ ነው። ሰ፣ ሸ፣ ፈ፣ ተ የሚለያዩት በዚያ ቀጭን ድምፅ ነው፤ እሱ ሲጠፋ «ሰላ» እና «ፈላ»፣ «ሰማ» እና «ሸማ» አንድ ይሆናሉ። ያን ጊዜ ድምፁን መጨመር ወፍራሙን ጩኸት ያበዛዋል እንጂ ቃሉን አያጠራውም። ስስ የሆኑት አዳዲስ ቴሌቪዥኖች ደግሞ ትንንሽ ስፒከሮቻቸው ወደ ታች ወይም ወደ ኋላ የዞሩ ስለሆኑ ነገሩን ያብሱታል።

ልጁ መጀመሪያ ያሰበው ሠርግ ቤት እንደምንሰማው ዓይነት ደረት የሚመታ ዎፈር ነበር። ጣራው ቆርቆሮ፣ ኮርኒሱ አቡጀዲ ለሆነ ቤት ይህ ምን ይበጃል? ቆርቆሮው ከዎፈሩ እኩል ይዘፍናል። ገንዘቡን በመሐለኛው ላይ አድርግ አልኩት። እሺ አለኝ፤ የእናቱም ድጋፍ ነበረኝ።

አሠራሩን ቁጭ ብዬ አየሁ። በመሐለኛው ሳጥን ሁለት መለስተኛ ዎፈሮች ግራና ቀኝ፣ ትንሿ ትዊተር በመካከላቸው ገባች። ከጎን ካሉት ሳጥኖች ጋር አንድ ዓይነት ስፒከር ነው የገዛው፤ ካልሆነ አንድ ሰው ከግራ ወደ መሐል ሲራመድ ድምፁ ይለወጣል አለኝ። ትዊተሯን ወፍራም ድምፅ እንዳያቃጥላት ባለ 6.8 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ገባላት፤ ለባለ 8 ኦም ትዊተር ይህ ወደ 3,000 ኸርዝ አካባቢ ካለው በታች ያለውን እያዳከመ ቀጭኑን ያሳልፋል። ለዎፈሮቹ በተቃራኒው የሽቦ ጥቅል አለ። ሁለት ባለ 8 ኦም ዎፈሮች ጎን ለጎን ሲያያዙ 4 ኦም ስለሚሆኑ አምፕሊፋየሩ ያንን የሚችል መሆን አለበት፤ አለዚያ ግሎ ይቃጠላል። የእሱ ያገለገለ ባለ አምስት መውጫ ነው፤ ከኋላው ያለውን ጽሑፍ አስነበበኝ።

ሳጥኑን ከዘጋ በኋላ እኔም ሙያዬን አሳየሁ፤ የታማሚ ደረት እንደምንመታው በጣቴ መታ መታ አደረግሁት። አንዱ ጎን ባዶ ከበሮ ሆኖ ጮኸ። ከፍቶ በውስጡ አግዳሚ እንጨት አስገባና የትራስ ጥጥ ሞላበት፤ ከዚያ ወዲያ ድፍን ያለ ድምፅ ሰጠ። አየር እንዳያስገባ ዳሩን ሁሉ በኮላ ደፈነ። የዎፈሩን ወረቀት በመዳፍ ቀስ ብለው ሲጫኑት አንዱ ዎፈር ሲገባ ሌላው ወደ ውጭ ከወጣ፣ ሲለቁትም ዝግ ብሎ ከተመለሰ ሳጥኑ አያፈስም ማለት ነው።

ረጃጅሞቹን ትዊተራቸው ከተቀመጠ ሰው ጆሮ ትይዩ እንዲሆን አቆማቸው። መሐለኛው ቴሌቪዥኑ ሥር ስለገባ ፊቱን በትንሽ እንጨት ወደ ላይ ቀና አደረገው፤ ብቻውንም ጥቂት ድምፅ ጨመረለት። ትንሿ የልጅ ልጅ ከሳጥኑ ሥር መቀመጥ ስለምትወድ እሷን አነሣኋት። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ጆሮ 80 ዴሲቤል በሳምንት እስከ 40 ሰዓት ይፈቅዳል፤ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል፤ 90 ሲደርስ 4 ሰዓት ብቻ ነው። ለሕፃን ከዚያም ዝቅ ማለት አለበት።

በዚያ ምሽት ወንድምጋሼ ከብቶቹን ሊያዩ አልወጡም። ሁሉንም ሰሙ አልልም፤ ሁለት ጊዜ «ምን አለች?» ብለው ጠየቁ፤ አንድ ጊዜ ግን ለሚስታቸው እሳቸው ነገሯት። በሳምንቱ ወልዲያ ወስደናቸው ከአንድ ጆሯቸው የደረቀ ኩክ ወጣላቸው። ስፒከር ይህን አይተካም፤ ክብሪትና የሞቀ ዘይትም እንዲሁ።

መብራት ሲጠፋ ሳጥኖቹ ዝም ይላሉ። ያን ጊዜ ሚስታቸው ኩራዙን ወደ ራሷ ፊት ታስጠጋና ከንፈሯን እያዩላት ቀስ ብላ ታወራቸዋለች።