ሱፐርማን ሄርማታ ሲወርድ

ጅማ ሲባል መጀመሪያ ትዝ የሚላችሁ ምንድነው? ቡና ካላችሁ ማንም አይፈርድባችሁም። ማር ያለም አልተሳሳተም። እኛ ግን ዛሬ የምናወራችሁ ስለ አሻንጉሊት ነው። አዎ፣ ስለ አሻንጉሊት! ለዚያውም ጺም ያወጡ፣ ደመወዝ የሚበሉ ጎልማሶች ስለሚሰበስቡት አሻንጉሊት።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ የአዲስ አበባ ልጅ ወዳጅ አለኝ። የሱፐርማን፣ የባትማንና የስፓይደርማን ትንንሽ ምስሎችን ይሰበስባል። መደርደሪያው ሞልቶ ቁም ሳጥኑ አናት ላይ ደርሰዋል። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ሁሉ ሽቶና ጫማ ሲታዘዝ የእሱ ትእዛዝ አንድ ብቻ ነው... «ካርቶኑ እንዳይከፈት!» እጮኛው አራት ዓመት የታገሠች ልጅ ናት። ሰሞኑን ግን መረራት። «ለአንድ ላስቲክ የአልጋ ዋጋ ይከፈላል?» ትላለች። እሱ ደግሞ «አይገባሽም» ብሎ ይዘጋታል። ሠርጉ ደግሞ «ገንዘብ እስኪሞላ» እየተባለ ከዓመት ዓመት ይተላለፋል። የልጅቷ አያት አጋሮ ይኖራሉና እሳቸውን ለመጠየቅ ሲነሡ እኔም ተለጥፌ ሄድኩ።

ከአዲስ አበባ ጅማ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ወሊሶንና ወልቂጤን አልፋችሁ ወደ ጊቤ በረሃ ትወርዳላችሁ፣ ከዚያ ወዲያ ሽቅብ ነው። ሰኮሩ፣ አሰንዳቦ፣ ሰርቦ... መንገዱ ሲያምር አይጣል ነው። ወዳጄ ግን መስኮቱን ትቶ ስለ «ሜጎ» ይሰብከናል። ሜጎ የአሜሪካ አሻንጉሊት ሠሪ ድርጅት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1972 የሱፐርማንና የባትማንን ምስሎች ቁመታቸው 20 ሴንቲ ሜትር ገደማ አድርጎ፣ የጨርቅ ልብስ አልብሶ፣ ክንድና ጉልበታቸው እንዲታጠፍ አድርጎ ሠራቸው። ጀግኖቹማ ከዚያ በፊትም ነበሩ። ሱፐርማን በ1938፣ ባትማን በ1939፣ ስፓይደርማን በ1962 ነው በሥዕል መጽሔት የተወለዱት። የሜጎን አሻንጉሊቶች የዘመኑ ልጆች ተጫውተው ሰባበሯቸው፣ ድርጅቱም በ1980ዎቹ መጀመሪያ ከሰረ። ልጆቹ አድገው ኪሳቸው ሲሞላ ግን የሰበሩትን መልሰው መፈለግ ጀመሩ። ሜጎም በ2018 ያንኑ የድሮውን ቅርጽ ይዞ ተመለሰ። ሌሎች ትልልቅ ድርጅቶችም በአሮጌው ካርቶን መልክ አዲስ ይሸጣሉ።

«ስለዚህ አንተ የምትገዛው አሮጌ ነው?» አልኩት።

«አዲስ ነው። አሮጌ ይመስላል እንጂ።»

እጮኛው ወደ መስኮቱ ዞረች።

ጅማ የደረስነው ረቡዕ ማታ ነው። ይህ ዕድል ነው፣ ምክንያቱም የሄርማታ ትልቁ ገበያ ሐሙስ ነው። ሄርማታን የጅማ እናት ብንላት ማጋነን አይሆንም። ከተማዋ ሳትሰፋ ገበያው ነበር። ንጉሡ ላይ ጅሬን ኮረብታ፣ ነጋዴው ታች ሄርማታ። ዳግማዊ አባ ጅፋር እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 ሲገዙ ቡናው፣ ማሩ፣ ዝባዱ እዚህ ይራገፍ ነበር። እውነቱን እንነጋገር ካልን ሰውም ይሸጥ ነበር። ጅማን ያጠናው አሜሪካዊው አንትሮፖሎጂስት ኸርበርት ሉዊስ በ1960ዎቹ መጀመሪያ በበጋ ሐሙስ እስከ 30 ሺህ ሰው ሄርማታ ይወጣ እንደነበር ጽፏል። ዛሬስ? እኔ አልቆጠርኩም፣ ግን እግሬን ሦስቴ ተረግጫለሁ።

ኮረሪማው፣ በርበሬው፣ ሙዙ፣ ጀበናው፣ ጀሪካኑ ሁሉም መሬት ላይ ነው። ከጀሪካኑ አጠገብ አንድ ልጅ ሸራ ዘርግቶ የላስቲክ መጫወቻ ይሸጣል። ወዳጄ ቆመ። ከዚያ ጎንበስ አለ። ከዚያ ተንበረከከ! የሸረሪት ጭምብል ያጠለቀ፣ የባትማን ካባ የደረበ፣ ደረቱ ላይ የሱፐርማን ምልክት የተለጠፈበት ፍጡር አንስቶ «ይሄ እኮ አይገኝም!» አለ። ለካ እንዲህ ያለ የተደበላለቀ ቅጂ ብቻ የሚሰበስቡ ሰዎች በዓለም ላይ አሉ። ልጁ «ሦስቱም በአንድ ዋጋ» አለን። እጮኛው ከጉዞው መጀመሪያ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። ተገዛ።

ወደ እንጨት ሥራው ተራ ስንደርስ ነገሩ መልክ ቀየረ። የጅማን በርጩማ የማያውቅ ያለ አይመስለኝም። ሦስት እግር አለው፣ መቀመጫው እንደ ሳህን ጎድጎድ ያለ ነው። ሚስማር የለ፣ ማጣበቂያ የለ፣ ሁሉም ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ ነው የሚወጣው። የተወደደው ዋንዛ ነው፣ ያ ለቡናው ጥላ የሚሆነው ዛፍ። ሦስት እግር ደግሞ ለፋሽን አይደለም። አራት እግር ያለው ወንበር ወጣ ገባ መሬት ላይ ይንገዳገዳል፣ ባለ ሦስቱ የትም ቢያስቀምጡት ይቆማል።

አንድ ሽማግሌ በርጩማ ይጠርባሉ። ወዳጄ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ከቦርሳው ሜጎውን ሱፐርማን አወጣ (ይዞት ነው የሚጓዘው!) «አባቴ፣ ይኼን በእንጨት ይሠሩልኛል?»

ሽማግሌው ተቀብለው አገላበጡት። ልብሱን ዳሰሱ፣ ክንዱን አጠፉ፣ ዘረጉ። ከዚያ መለሱለት።

«ልጄ፣ እኔ የሰው ምስል አልቀርጽም። ኋላ ነፍስ ዝራበት ብባል ከየት አመጣለሁ?»

ዝም ተባለ። ወዳጄ ሊያፍር ሲል ሽማግሌው ቀጠሉ። «ግን ይኼ ሰውዬ ሁልጊዜ ቆሞ ነው እንዴ የሚኖረው? መቀመጫ ልሥራለት።»

በሃይማኖታቸው ምክንያት ምስል የማይሠሩ ጠራቢዎች እንዳሉ ያን ቀን ነው የገባኝ። የሁሉንም ልብ አላውቅም፣ የእኚህን ሰው ግን ሰምቻለሁ። ጎንደር ሄዳችሁ ወለቃን ብታዩ ደግሞ ሌላ ነው። እዚያ የቤተ እስራኤል ሴቶች አንበሳውን፣ ወፉን፣ ሰሎሞንና ንግሥተ ሳባን በሸክላ እየሠሩ ለእንግዳ ይሸጡ ነበር። አብዛኞቹ እ.ኤ.አ. ከ1984 እስከ 1991 ባሉት ዓመታት ወደ እስራኤል ቢሄዱም የሸክላ ምስሎቹ ዛሬም ይሠራሉ። የአገራችን የምስል መሰብሰብ ታሪክ ቢጻፍ ከዚያ መጀመር አለበት እላለሁ። (የራሳችን የሥዕል መጽሔት ጀግና ለሚል ደግሞ «ጀምበር» በ2018 በአማርኛም በእንግሊዝኛም ወጥቷል።)

ሽማግሌውን ሌላም ጠየቅናቸው። አጠገባቸው ጠቆር ያለ በርጩማ ነበረና «ይኼ አሮጌ ነው?» አልን። «ኧረ ትናንት ነው ያለቀው!» አሉ። እንዲህ ያለ ነጋዴ ስታገኙ ዋጋ አታዋርዱበት።

ከሰዓት በኋላ አጋሮ ወጣን፣ በሚኒባስ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ግራና ቀኙ ቡና ነው። የቡና መገኛ ናት የሚባለው ጮጬም በዚያው አካባቢ ነው። አያትየው ቡና እያፈሉ ጠበቁን። ወዳጄ ገና ከመቀመጡ ዓይኑ ጥግ ላይ ቀረ። አንድ በርጩማ አለ፣ ወልቶ ጠርዙ የሚያበራ። አንደኛው እግሩ ከሌሎቹ አጥሯል። መቀመጫው በአንድ በኩል ይበልጥ ተበልቷል፣ አያትየው ባላቸው ሁልጊዜ ወደ ምድጃው አጋድለው ይቀመጡ ነበር አሉን። ይኼ እንደ አሮጌ የተሠራ ሳይሆን ያረጀ ነው። ሰብሳቢ ሰው ልዩነቱን ወዲያው ያያል።

አያትየው ራሳቸው ነገሩን አነሡት። አንድ ነጋዴ መጥቶ «ሁለት የፕላስቲክ ወንበር ልስጥዎና ይኼን አሮጌ ይስጡኝ» ብሏቸው ነበር። ጎረቤቶቻቸው ለውጠዋል። «ፕላስቲኩም እኮ ደግ ነው፣ ይታጠባል» አሉ።

ወዳጄ አላስቻለውም። «እማማ፣ ለእኔ ቢሸጡልኝስ? ጥሩ አድርጌ ነው የምይዘው።»

አያትየው ስኒውን አስቀመጡ። «ብሸጥልህ ምን ከፋኝ ልጄ። ግን የላክሃቸው ሽማግሌዎች ሲመጡ የት ላስቀምጣቸው?»

ወይ ጉድ! አራት ዓመት ሙሉ አንድም ሽማግሌ አልተላከም እኮ። ልጅቷ አቀረቀረች። እኔ ቡናዬን ፉት አልኩ። የወዳጄ ፊት ላይ ያየሁትን ቀለም የትኛውም ሥዕል መጽሔት አላተመውም። ዓርብ ተመልሰን ትንሿን በርጩማ ከሄርማታ ስንቀበል ሽማግሌው ስለ ዋጋው ቢያወሩትም አልሰማቸውም፣ ስልክ ይዞ አጎቱን ያነጋግራል።

እናንተም እንግዲህ መሰብሰብ ካማራችሁ ሰብስቡ። ሜጎም ሆነ በርጩማ፣ አዲሱን እንደ አዲስ ግዙ። «የአባ ጅፋር ዘመን ነው» ብሎ ዋጋ የሚቆልልባችሁን ግን እግሩን ገልብጣችሁ እዩት። እውነተኛ እርጅና እኩል አይደለም። የተቀመጡበትና የያዙት ቦታ ይለሰልሳል፣ ጓዳ ጎድጓዳው ሻካራ ይቀራል። ጭስ ብቻ የጠገበ ከሆነ ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት ጥቁር ነው። በእውነት አሮጌ ከሆነ ደግሞ ሌላ ጥያቄ አለ። ከማን ቤት ወጣ? የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት ይከለክላል። ስለዚህ ውጭ ላለ ዘመድ ከመላካችሁ በፊት ቅርስ ባለሥልጣን ጠይቁ። የድሮውን ዕቃ ለማየት ብቻ ከሆነ የጅማ ሙዚየም አለላችሁ፣ ጅሬን ወጥታችሁም የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ታያላችሁ።

ሄርማታ ሐሙስ ነው፣ ጠዋት ግቡ። ዣንጥላ አትርሱ፣ ጅማ በበጋም ትዘንባለች።