ስለ ጓዝ ማሰናዳት፤ ቤተ ሰብ መጀመሪያ ጊዜ በአይሮፕላን ሲጓዝ

በአዲስ አበባ ምድር ላይ አይሮፕላን መጀመሪያ ያረፈው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓመተ ምሕረት ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድም በታኅሣሥ ወር 1938 ዓመተ ምሕረት ተቋቁሞ፣ በዚያው ዓመት መጋቢት 30 ቀን በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያውን ጉዞ አደረገ። በዚያን ዘመን በሰማይ መሄድ የመልእክተኛና የባለጠጋ ዕድል ነበር፤ ዛሬ ግን የመንግሥት ሠራተኛው፣ ነጋዴው፣ ተማሪውና አሮጊቷ እናት ሁሉ ይሳፈራሉ። ሆኖም መሳፈሩ የተለመደውን ያህል ጓዝ ማሰናዳቱ ገና አልተለመደም። ብዙ ቤተ ሰብ ለብዙ ወር ያጠራቀመውን ገንዘብ ለትኬት ከከፈለ በኋላ፣ ለሻንጣና ለአዲስ ልብስ ደግሞ ሌላ ገንዘብ ያወጣል፤ እጅግ የሚያስፈልገውን አንዱን ነገር ግን እጁ በማይደርስበት ስፍራ ያኖረዋል። ይህ ስሕተት በእኛም ቤት ሊደርስ ጥቂት ቀርቶት ነበርና፣ ለአንባቢዎች ይጠቅም እንደ ሆነ በማለት የሆነውን እጽፋለሁ።

በ2011 ዓመተ ምሕረት የልደትን በዓል በላሊበላ ለማክበር ተነሣን። ነገሩ የእናቴ ስእለት ነበር። አያቴ በጐልማሳነታቸው ከሰሜን ሸዋ በእግራቸው ላስታ ድረስ ሄደው ተመልሰው ነበርና፣ እናቴም ከልጅነታቸው ጀምረው «እኔም ሳልሞት እረግጠዋለሁ» ይሉ ነበር። ዳሩ ግን መጀመሪያ ልጆችን ማሳደግ፣ ኋላም የጕልበት ሕመምና የደም ብዛት ከለከላቸው። ዕድሜአቸው 74 ዓመት በሞላ ጊዜ ሐኪማቸው ረጅም የመኪና መንገድ አይስማማቸውም ስላለ፣ ባለቤቴና እኔ ተማክረን ለአምስት ሰው የአይሮፕላን ትኬት ቈረጥን፤ ይኸውም ለእናቴ፣ ለሁለታችን፣ ለ12 ዓመቷ ልጃችንና ለ6 ዓመቱ ወንድሟ ነው። ከመካከላችን ከዚያ በፊት በአይሮፕላን የሄደ አንድም ሰው አልነበረም። ትኬቱ ያጠራቀምነውን ገንዘብ ሁሉ ስለ ወሰደው፣ ለጓዙ ምንም አዲስ ነገር እንዳንገዛ ቃል ተገባባን።

ቃሉን መጀመሪያ ያፈረስሁት እኔ ነኝ። በአይሮፕላን ማረፊያ ብዙ የማውቀው ሰው ያየኛል ብዬ፣ ትልቅና ጥቍር የሆነ አዲስ ሻንጣ ገዝቼ ገባሁ። ከዚህ በኋላ ሌላውን ለመከልከል አፍ አልነበረኝም። ባለቤቴ ለአራት ቀን ጉዞ የሰባት ቀን ልብስ አወጣች፤ ልጆቹ መጫወቻቸውን አመጡ፤ እናቴም ለበዓሉ ፍስክ ብለው ዶሮ ወጥ በአገልግል፣ ቅቤ በብርጭቆ ዕቃ አሰናዱ። በመሄጃችን ዋዜማ ማታ ይህ ሁሉ በወለሉ ላይ ሲዘረጋ ቤታችን የቅዳሜ ገበያ መሰለ።

ትኬታችን ለእያንዳንዱ መንገደኛ 20 ኪሎ የሚጫን፣ 7 ኪሎ ደግሞ በእጅ የሚያዝ ይፈቅድ ነበር። የሚፈቀደው ክብደት እንደ መንገዱና እንደ ትኬቱ ዐይነት ስለሚለያይ፣ ማንም ሰው ጓዙን ከማሰናዳቱ በፊት የራሱን ትኬት ማንበብ ይገባዋል። እኛ ሚዛን ስላልነበረን ከጎረቤት የሰው መመዘኛ ተዋስን። አመዛዘኑ ቀላል ነው፤ ሰው መጀመሪያ ብቻውን በሚዛኑ ላይ ይቆማል፣ ቀጥሎ ሻንጣውን ተሸክሞ ይቆማል፣ የሁለቱ ልዩነት የሻንጣው ክብደት ነው። የእኔ አዲስ ሻንጣ ባዶውን 5 ኪሎ፣ ሞልቶ 28 ኪሎ ሆነ። ለትርፉ ክብደት በማግሥቱ ገንዘብ እንድንከፍል መታሰባችን ነው።

በዚህ ጊዜ እናቴ ከተቀመጡበት ሆነው፣ «አባቴ ላስታ ደርሰው ሲመለሱ የያዙት አንድ ስልቻ በሶ፣ አንድ ቅል ውኃ፣ አንድ ጋቢና አንድ ዘንግ ነበር። እናንተ በአንድ ሰዓት ለምትደርሱበት አገር ቤታችሁን ነቅላችሁ ልትሄዱ ነው?» አሉ። ይህን ብለው በመጀመሪያ የራሳቸውን አገልግል ከመካከል አነሡ። እርሳቸው የድካማቸውን ከተዉ እኛ የምንከራከርበት ምክንያት ስለሌለን፣ ዕቃውን ሁሉ እንደ ገና በሦስት ክፍል ለየነው። አንደኛው፣ ቢጠፋ ወይም ቢዘገይ ጉዞውን ከንቱ የሚያደርግ ነው፤ ሁለተኛው፣ የሚያስፈልግ ሆኖ አንድ ቀን ቢዘገይ የማይጎዳ ነው፤ ሦስተኛው፣ ከዚያው አገር የሚገኝ ወይም ያለ እርሱ መሰንበት የሚቻል ነው። ሦስተኛው በቤት ቀረ፤ ሁለተኛው በሻንጣ ገባ፤ አንደኛው በእጅ ተያዘ።

ስለ ምግብ ሲታሰብ፣ እስከ ልደት ድረስ ጾመ ነቢያት ስለ ሆነ የዶሮው ወጥ ለአንድ ምሳ ብቻ የሚሆን ነበር፤ ላሊበላም ገበያና ምግብ ቤት ያለበት ከተማ ነው። ቅቤውም በሙቀት ቀልጦ ልብሱን ሁሉ ሊያበላሸው ይችል ነበር። ስለዚህ የያዝነው ስንቅ ቆሎና ዳቦ ቆሎ ብቻ ሆነ፤ ክብደቱ ትንሽ ነው፣ አይፈስም፣ አይበላሽም። ለልጆቹ ጥቂት ከረሜላ ጨመርን፤ አይሮፕላኑ ሲወርድ ጆሮ ስለሚደፈን፣ ከረሜላ መምጠጥ ወይም ውኃ መጎንጨት ሕመሙን ያቀልለዋል።

ስለ ልብስ ደግሞ፣ ላሊበላ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍ ያለ ስለ ሆነ የታኅሣሥ ሌሊቱ ብርድ ነው። ነገር ግን ለዚህ አዲስ ካፖርት መግዛት አያሻም። ጋቢ በመንገድ ትራስ፣ በሌሊት ብርድ ልብስ፣ በቤተ ክርስቲያንም የክብር ልብስ ይሆናል። ለእያንዳንዳችን ከለበስነው በቀር ሁለት ቅያሪ ብቻ ያዝን፤ ከባዱን ጫማና ሹራብ ተጫምተንና ለብሰን ስለ ሄድን በሻንጣው ውስጥ ክብደቱ አልተቈጠረም። ከአንድ ቋጥኝ ተፈልፍለው ወደ ታወቁት 11 አብያተ ክርስቲያናት ሲገባ ጫማ ማውለቅ ግድ ነውና፣ በቶሎ የሚወልቅ ጫማና ወፍራም ካልሲ ከአዲስ ልብስ ይልቅ ይጠቅማል። ደግሞም በአንዳንዶቹ መካከል በዋሻ ውስጥ የሚያልፍ ጨለማ መንገድ ስላለ ትንሽ የእጅ ባትሪ መያዝ ያስፈልጋል።

በአይሮፕላን ማረፊያ የሚደረገውን ፍተሻ አስቀድሞ ማወቅም ገንዘብ ያድናል። ቢላዋ፣ መቀስና ስለት ያለው ነገር ሁሉ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ይግባ፤ በእጅ ከተያዘ ይወሰዳል። ፓወር ባንክ የሚባለው የስልክ መሙያ ባትሪ ግን እሳት ሊያስነሣ ስለሚችል፣ በተቃራኒው በእጅ እንጂ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ አይገባም። ወደ ውጭ አገር ለሚሄዱት ደግሞ፣ በብዙ አገር ሕግ በእጅ የሚያዝ ቅባትና ሌላ ፈሳሽ ዕቃው ከ100 ሚሊ ሊትር ሊበልጥ አይችልም። ልጆቻቸውን ለመጠየቅ ወደ አውሮፓ የሚሄዱ እናቶች ሥጋና ቅቤ ይዘው መግባት እንደ ተከለከለ፣ ወደ አሜሪካ የሚሄዱትም የያዙትን ምግብ ሁሉ ለጉምሩክ ማስታወቅ እንዳለባቸው ይወቁ። በርበሬና ሽሮ በሁለት ከረጢት ተደራርቦ ቢታሰር መልካም ነው፤ አንዱ ቢቀደድ ሁለተኛው ልብሱን ያድነዋል።

ይህን ሁሉ አሰናድተን በጨረስን ጊዜ ሁለት ሻንጣ ብቻ ሆነ፤ አንዱ ከእኅቴ የተዋስነው አሮጌ፣ ሁለተኛው የእኔ ጥቍር ሻንጣ ነው። እኔም የእናቴን የደም ብዛት መድኃኒት እንዳይጨፈለቅ አስቤ በፎጣ ጠቅልዬ በጥቍሩ ሻንጣ መካከል አኑሬው ነበር። እናቴ ግን ሌሊት ተነሥተው፣ ፎጣውን ፈትተው፣ መድኃኒቱን ከነማሸጊያው በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩት። ጠዋት ባየሁ ጊዜ፣ «በሻንጣው ይሻል ነበር» ብላቸው፣ «ልጄ፣ እኔ በምሄድበት ይሄዳል» ብለው ዝም አሉ።

ታኅሣሥ 28 ቀን ጠዋት ተሳፈርን። እናቴ በመስኮት አጠገብ ተቀምጠው ሸለቆውንና አምባውን ቍልቍል ሲመለከቱ፣ «አባቴ ይህን ገደል ሁሉ በእግራቸው ነው የወረዱት» አሉ፤ ከዚያ በኋላ እስክንወርድ ድረስ አልተናገሩም። ባረፍን ጊዜ እኔ ቀድሜ ወደ ሻንጣው ስፍራ ሄጄ፣ ጥቍሩን ሻንጣ አንሥቼ በችኰላ ወጣሁ። ከማረፊያው እስከ ከተማው 23 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በማደሪያችን ደርሰን ሻንጣውን ብንከፍተው የእኛ አልነበረም። በላዩ የሽማግሌ ልብስ፣ ከልብሱ ሥር የስኳር በሽታ መድኃኒት ተቀምጦበታል።

በዚያች ሰዓት የተሰማኝን እፍረት ለመግለጽ ያስቸግረኛል። ለታይታ የገዛሁት ሻንጣ የብዙ ሰው ሻንጣ የሚመስል ሆኖ፣ እኔ ምልክት ስላላደረግሁበት፣ የማላውቀውን በሽተኛ መድኃኒት ይዤ ሄጃለሁ። ደግነቱ ባለቤቱ ስሙንና የስልክ ቍጥሩን ጽፎ በሻንጣው ክዳን ውስጥ ለጥፎት ነበር። ወዲያው ደውለን ያደሩበትን ቤት ጠይቀን ወሰድንላቸው። ሽማግሌው ቍጣ ይናገሩኛል ብዬ ስጠብቅ፣ መድኃኒታቸውን ተቀብለው፣ «ጥፋቱ የሁለታችን ነው፤ አንተ አላየህም፣ እኔም ከእጄ የማይለየውን ከእጄ ለየሁት» አሉኝ። የእኛ ሻንጣ በማረፊያው ቀርቶ ስለ ነበረ፣ መኪና ተከራይቼ ደርሼ ተመለስሁ። ለመኪናው የከፈልሁት ገንዘብ በጓዙ ካተረፍነው ሁሉ በለጠ።

እኔ ስመላለስ ቀኑ መሸ። እናቴ ግን የሚጠብቁት ነገር አልነበራቸውም። መድኃኒታቸው በነጠላቸው ጫፍ፣ ጋቢያቸው በትከሻቸው፣ ካልሲያቸው በእግራቸው ነበርና፣ ባለቤቴንና ልጆቹን አስከትለው ወደ ማኅሌቱ ሄደዋል። ልጆቹ የሚለብሱት ወፍራም ልብስ በጠፋው ሻንጣ ውስጥ ስለ ነበረ፣ ሁለቱ በአንድ ጋቢ ተጠቅልለው አደሩ። በማግሥቱ በልደት ጠዋት፣ ካህናቱ በቤተ ማርያም ዙሪያ ከላይና ከታች ቆመው «ቤዛ ኵሉ» ሲያዜሙ፣ እናቴን ከሕዝቡ መካከል ዐይናቸው እንባ ሞልቶ አገኘኋቸው። መድኃኒቱ እንደ እኔ አሳብ በሻንጣው ውስጥ ቢሆን ኖሮ፣ ያን ሌሊት የዕድሜ ልክ ስእለታቸውን ትተው በማደሪያ ቤት ሲጠብቁኝ ያድሩ እንደ ነበር አሰብሁ።

ስለዚህ መጀመሪያ ጊዜ ለሚሳፈር ቤተ ሰብ የምመክረው ጥቂት ነው። አስቀድሞ መጥኖ መደቆስ እንደሚባለው፣ ጓዝ በቤት ይመዘን፤ ያለ ዕቃ ካለ ይዋስ እንጂ አይገዛ፤ መድኃኒት፣ መነጽር፣ የመታወቂያ ወረቀት፣ የልጆች የልደት ምስክርና የገንዘቡ ከፊል ከእጅ አይለዩ፤ ገንዘቡም በሁለት ሰው ይከፈል። በሻንጣው ውጭ ከሩቅ የሚታይ ምልክት፣ በውስጡም ስምና የስልክ ቍጥር ይደረግ። ለመልስም ጥቂት ባዶ ቦታ ይተውለት፤ ከበዓል የሚመለስ ሰው ባዶ እጁን አይገባምና።

ያ ጥቍር ሻንጣ እስከ ዛሬ በቤታችን አለ። በመያዣው ላይ እናቴ በመልሳችን ቀን ያሰሩት ቀይ ክር አልተፈታም። ወዳጅ ወይም ጎረቤት ወደ ሩቅ አገር ሲሄድ እናውሰዋለን፤ ባዋስነውም ጊዜ እናቴ ክሩን እያሳዩ፣ «መድኃኒት ያለህ እንደ ሆነ ግን እዚህ ውስጥ አታግባው» ይሉታል።