ፋይሉ አለ፤ ሰርቨሩ ግን «የለም» ይላል

ጃቫ ዌብ የጀመራችሁ የድሮ ተማሪዎቼ በኢንቦክስ የምትልኩልኝ ጥያቄ ዞሮ ዞሮ አንድ ነው፦ «ቲቸር፣ እኔ ላፕቶፕ ላይ እኮ ይሰራል፤ ሰርቨር ላይ ስጭነው ፋይሉ አልተገኘም ይላል።»

«ዳታ ፎልደር ውስጥ ያለውን ክፈት» ብላችሁ በአጭሩ ስትጽፉ ጃቫ ፍለጋውን የሚጀምረው ኮዳችሁ ካለበት አይደለም፤ ፕሮግራሙ ከተነሳበት ፎልደር ነው። ሰርቨር ላይ ቶምካት የሚነሳው ደግሞ እናንተ ካላሰባችሁት ቦታ ነው። መገመት አያስፈልግም፤ «ዩዘር ዶት ዲር» የሚለውን ፕሮፐርቲ ሎግ ላይ አውጡት፣ የቆመበትን ራሱ ይነግራችኋል። ከዊንዶውስ ወደ ሊኑክስ ስትሄዱ ደግሞ በፋይል ስም ላይ ትልቁና ትንሹ የእንግሊዝኛ ፊደል ይለያያል (ስንቱን ቁጭ ብሎ ያሳደረ ነገር ነው!)።

መንገዱ ልክ ሆኖም እምቢ ካለ የፈቃድ ጉዳይ ነው። እናንተ በሩት ገብታችሁ ፋይሉን ታዩታላችሁ፤ ቶምካት ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚሰራው በራሱ ዩዘር ስም ነው። በእሱ ስም ሆናችሁ ለመክፈት ሞክሩ። ፋይሉ ብቻ ሳይሆን እስከ ፋይሉ ያሉት ፎልደሮች ሁሉ ለእሱ ክፍት መሆን አለባቸው። ደግሞ እባካችሁ፣ ተናዳችሁ 777 አትስጡ።

ይሄን ሁሉ እንድጽፍ ያደረገኝ ግን ሌላ ነገር ነው። በቀደም አንዱ ልጅ ማታ ደወለልኝ። ለአንድ ትምህርት ቤት የምዝገባ ሲስተም ሰርቶ ይኸው ችግር ገጥሞታል። «ኮዱን አስተካክያለሁ፣ አዲሱን ዋር ፋይል አሁን ልጭነው ነው» አለኝ።

«ቆይ! ተማሪዎቹ ያስገቡት ፎቶና ካርድ የት ነው የሚቀመጠው?»

«እዛው ዌብአፕስ ውስጥ፣ ከአፕሊኬሽኑ ጋር።»

ደነገጥኩ። አዲስ ዋር በድሮው ላይ ሲጫን ቶምካት የተፈታውን ፎልደር አጥፍቶ ነው አዲሱን የሚፈታው። የዘጠነኛ ክፍል ልጆች ሰነድ በሙሉ፣ ያውም ሌላ ኮፒ የሌለው! ወላጆች ከገጠር እንደገና ተመላለሱ ሊባሉ ነበር። ስልኩን ሳንዘጋ ፎልደሩን ወደ ውጭ ኮፒ አደረገ፣ ፋይሎቹን ቆጠርን፣ ከዛ በኋላ ነው የጫነው።

ስለዚህ ሰው የሚያስገባው ፋይል ከዌብአፕስ ውጭ ይቀመጥ፤ አድራሻውም ኮድ ውስጥ ሳይሆን ኮንፊግ ላይ ይጻፍ፤ ባክአፕም ይኑረው። ከአፕሊኬሽኑ ጋር አብሮ የሚሄድና የሚነበብ ብቻ ከሆነ ግን ዋሩ ውስጥ አስገቡትና በስትሪም አንብቡት። «ጌት ሪል ፓዝ»ን አትመኑት፤ ዋሩ ሳይፈታ የሚሰራ ከሆነ ነል ነው የሚመልስላችሁ።

አሁንም እምቢ ካለ ሎጉን ላኩልኝ። በስልክ ያነሳችሁትን ደብዛዛ ፎቶ ሳይሆን ጽሑፉን፣ «ኮዝድ ባይ» እስከሚለው መስመር ድረስ።