የኤቤነዘሯ እናት

አትላንታ ውስጥ፣ ኦበርን በሚባለው ጎዳና ላይ፣ ቁጥሩ 501 የሆነ ባለ አንድ ፎቅ የእንጨት ቤት አለ። እ.ኤ.አ. በ1909 የገዙት የኤቤነዘር ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን መጋቢ ኤ. ዲ. ዊሊያምስ ነበሩ። ጎብኚ የሚጎርፍበት ግን የልጅ ልጃቸው ማርቲን ሉተር ኪንግ ስለተወለደበት ነው። እኔ የዚያ ቤት ነገር ሲነሳ ቀድመው የሚታወሱኝ እናትየው ናቸው፤ ወይዘሮ አልበርታ ዊሊያምስ ኪንግ።

በ1904 የተወለዱት አልበርታ የመጋቢ ልጅ፣ የመጋቢ ሚስት፣ በኋላም የመጋቢዎች እናት ሆነው ዕድሜያቸውን በኤቤነዘር ጥላ ሥር አሳለፉ። በ1924 ሃምፕተን ከተባለው የትምህርት ተቋም የመምህርነት ምስክር ወረቀት ተቀበሉ። በ1926 ሲያገቡ ግን ማስተማሩን መተው ግድ ሆነባቸው፤ ያኔ የአትላንታ ትምህርት ቤቶች ባለትዳር ሴት በመምህርነት አያሠሩም ነበር። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ይቆጨኛል። ስንት ተማሪ ሊያፈሩ የሚችሉ ሴት ነበሩ!

ያገቡት ሰው ከስቶክብሪጅ ገጠር የመጣ የጭሰኛ ልጅ ነው። እህቱ በዊሊያምሶች ቤት ተከራይታ ትኖር ስለነበር በእሷ ሰበብ ተዋወቁ። ሃያ ዓመት ገደማ ሆኖት ገና በአንደኛ ደረጃ ክፍል ይማር ነበር። የተማረችው የመጋቢ ልጅ በዚህ አልናቀችውም፤ እንዲያውም በርታ፣ ተማር እያለች ዓመታት ጠበቀችው። አማታቸው በ1931 ሲሞቱ የኤቤነዘርን መድረክ የተረከቡት እኚሁ ሰው ናቸው። ድምፃቸው የሚያስተጋባ፣ ቁጡና ኃይለኛ ሰባኪ ነበሩ። አልበርታ ደግሞ ዝምተኛ፣ ዓይን አፋር ነበሩ።

ዝምታቸው የሚሰበረው በሙዚቃ ነው። በ1932 የኤቤነዘርን ኳየር አቋቋሙ፤ ኦርጋኑንም ለብዙ ዓመታት ተጫወቱ። ቤት ውስጥ፣ በእንግዳ መቀበያው ክፍል፣ ፒያኖ ነበር። ሦስቱም ልጆች፣ ክርስቲን፣ ማርቲንና አልፍሬድ፣ ፒያኖ መማር ነበረባቸው። ወንዶቹ ትምህርቱን ከመጥላታቸው የተነሳ ፒያኖውን በመዶሻ ሊሰባብሩት እንደተነሱ ቤተሰቡ ያወራል። አያታቸው ወይዘሮ ጄኒም እዚያው ነበሩ፤ ማታ ማታ የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ ይነግሯቸዋል። እሑድ ሙሉ ቀን የቤተ ክርስቲያን ነው። በ1941 በአንድ እሑድ፣ ማርቲን ሰልፍ ለማየት ተደብቆ በሄደበት፣ አያትየው በቤተ ክርስቲያን ፕሮግራም ላይ ሳሉ ልባቸው ቆመ። ልጁ በጥፋቱ የሞቱ መስሎት ከፎቅ መስኮት ራሱን ወረወረ። ሦስት ትውልድ በአንድ ጣራ ሥር ሲኖር ፍቅሩም ሐዘኑም እንዲህ ከባድ ነው።

በ1939 የሆነውን ሳስታውስ ያመኛል። «ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ» የተባለው ፊልም አትላንታ ውስጥ ሲመረቅ፣ የኤቤነዘር ኳየር በወይዘሮ አልበርታ መሪነት፣ የባሪያ ልብስ ለብሶ፣ ለነጮች ብቻ በተዘጋጀ ድግስ ላይ መንፈሳዊ መዝሙር ዘመረ። የአሥር ዓመቱ ማርቲንም ከዘማሪዎቹ መካከል ነበር። የከተማው ባፕቲስት መጋቢዎች ባልየውን ወቀሱ። እኔ ግን በወይዘሮ አልበርታ ላይ ለመፍረድ ድፍረቱ የለኝም። ያ ዘመን ጥቁር ድምፅ ወደ ነጮች አዳራሽ የሚገባው በዚህ በር ብቻ የነበረበት ዘመን ነው። ልጃቸው ነጭ ጓደኛው «ከእንግዲህ አብረን አንጫወትም» ብሎት ግራ ተጋብቶ ሲመጣ፣ የባርነትን ታሪክ ከሥሩ አስረድተው፣ ከማንም እንደማያንስ የነገሩት እኚሁ እናት ናቸው። ማርቲን ይህን ጎልምሶም አልረሳውም፤ በሕይወት ታሪኩ አስፍሮታል።

በኤፕሪል 1968 ማርቲን ተገደለ። በዓመቱ፣ ጁላይ 1969፣ አልፍሬድ በመዋኛ ገንዳ ውስጥ ሞቶ ተገኘ። ሁለቱን ወንዶች ልጆቿን በአሥራ አምስት ወር የቀበረች እናት ወደ ኦርጋኗ ተመልሳ መዝሙር ማጀቧ ለእኔ ከማንኛውም ስብከት ይበልጣል።

ሰኔ 23 ቀን 1966 ዓ.ም.፣ በእነሱ አቆጣጠር ጁን 30 ቀን 1974፣ እሑድ ነበር። የ69 ዓመቷ አልበርታ ኦርጋኑ ላይ ተቀምጠው «አባታችን ሆይ»ን ሲጫወቱ፣ የ23 ዓመት ወጣት ከመቀመጫው ተነሥቶ ተኮሰባቸው። አንድ ዲያቆንም አብረው ሞቱ። ወጣቱ ያለመው ባልየውን ነበር፤ አልበርታ ግን ቀርበውት ተገኙ።

ገዳዩ ሞት ተፈረደበት። የኪንግ ቤተሰብ የሞት ቅጣትን ስለሚቃወም ግን፣ ይኸው አቋማቸው ረድቶ ፍርዱ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠለት፤ በ1995 እስረኛ ሳለ ሞተ። እናት በጸሎት መካከል የተገደለችበት ቤት ለገዳይዋ ሕይወት ቆመ። ይህን የመሰለ እምነት ከመድረክ ብቻ አይገኝም፤ ማዕድ ላይ፣ ፒያኖ ሥር፣ በአያት ተረት መካከል የተዘራ ነው።

ዛሬ ወደ አሮጌው ኤቤነዘር የሚገባ ሰው የማርቲንን ስብከት ከድምፅ ማጉያ ይሰማል። ማርቲን የተገደለባትን ኤፕሪል 4ን ዓለም ያስባታል፤ ጁን 30ን ግን ብዙዎች አያውቋትም። ከልጆቻቸው ብቻዋን በሕይወት የቀረችው ክርስቲን የእናቷንም የወንድሞቿንም ትዝታ እስከ 95 ዓመቷ ስትጠብቅ ኖራ በ2023 አርፋለች። ከእሷ በኋላ ይህን አደራ የሚሸከሙት፣ ስለ ማርቲን ሲያወሩ የእናቱንም ስም አብረው እንዲያነሡ እመኛለሁ።